የቦርሳው ቤት ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ ነውን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ የእጅ ቦርሳ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ተበራክተዋል። አንዳንዶቹ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት የስፌት መኪና አስቀምጠው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ብዙ ሠራተኛ ይዘው ቦርሳቸውን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ እስከ መላክ ደርሰዋል። በቦርሳው ላይ በምትንጠለጠለው ትንሽ ካርቶን ላይ የሚነበበው ቃል ግን ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። «በእጅ የተሠራ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ በሆነ ቆዳ»፣ «የሴቶችን ሕይወት የሚለውጥ» የሚል ነው። ለምረቃ ስጦታ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ቦርሳ የሚገዛ ተማሪም ይህን ቃል አንብቦ፣ ዕቃ ከመግዛቱም በላይ በጎ ሥራ የሠራ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው፣ ይህ ቃል እውነት መሆኑና አለመሆኑ በምን ሊታወቅ ይችላል የሚለውን ነገር ነው። ግብረ ገብነት ስንል በቦርሳው ሥራ ውስጥ ያለፉት ሰዎች ሁሉ የሚገባቸውን ክፍያና ክብር አግኝተዋል ወይ ማለታችን ነው። ዘላቂነት ስንል ደግሞ ሥራው ዛሬ እንደሚካሄድ ነገም ውሃውን፣ አፈሩንና የሰውን ጤና ሳያበላሽ ሊካሄድ ይችላል ወይ ማለታችን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢጠሩም አንድ አይደሉም። ሠራተኞቹን በሚገባ እየከፈለ ወንዝ በሚያበላሽ ቆዳ የሚሠራ ቤት ሊኖር ይችላል፤ የዚህም ተገላቢጦሽ ሊኖር ይችላል።

ብዙ ሰዎች ትልቅ ፋብሪካን ሲጠረጥሩ ትንሹን ቤት ያለ ምርመራ ያምኑታል። ባለቤቷን በዓይን ስለሚያውቋት፣ ሰፊዎቹን በመስኮት ስለሚያዩአቸው፣ ነገሩ ሁሉ የተገለጠ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን የአንድ ቦርሳ ጥፋትም ሆነ ልማት በአብዛኛው የሚወሰነው የቦርሳው ቤት ባለቤት ባልሆነበት ስፍራ፣ ማለት ቆዳው በሚለፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የቀረው ደግሞ የሚወሰነው በመስኮት በማይታይ ወረቀት ላይ፣ ይኸውም በደመወዝ መዝገቡ ነው። ስለዚህ ምርመራው በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንዲጠነክር እንፈልጋለን።

ከቆዳው እንጀምር። በአውሮፓ ስለ ቦርሳ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ እንስሳው ስለ ምን ሞተ የሚለው ነው። በአገራችን ግን ይህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚያገኝ ነው። በግ ለቆዳው ብሎ የሚያርድ ሰው የለምና። እንዲያውም የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበዓል ማግስት «ቆዳ አለ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ፣ ቆዳው በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ሲሸት ማየት የተለመደ ሆኗል። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባለባት፣ የሰላሌ በግና የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በስማቸው ተለይተው በሚጠሩባት አገር ይህ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። እንግዲህ የሚጣለውን ቆዳ አንሥቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ የሚያደርግ ቤት በዚህ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል። እንስሳው በሕይወቱ ሳለ የበላው መኖና ወደ አየር የለቀቀው ጋዝ ዕዳ ፈጽሞ ቆዳውን አይነካውም ለማለት ባንደፍርም፣ ከዕዳው የሚበዛው እጅ የሥጋውና የወተቱ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ልብ ማለት ይበቃል። የኢትዮጵያን የበግና የፍየል ቆዳ ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው እከክ ነው። ቅማልና ሌሎች ጥገኛ ተባዮች በእንስሳው ላይ ሲመገቡ ቆዳው ከለፋ በኋላ እንኳ የማይጠፋ ነጥብ ነጥብ ምልክት ይተዋሉ። በዚህ ላይ የእሾህ ጭረትና የአራጁ ቢላዋ ስሕተት ይጨመራል። ይህ ምልክት የቆዳውን መልክ እንጂ ጥንካሬውን ብዙ ጊዜ አይነካም። እንከን የሌለበትን ቆዳ ብቻ መርጦ የቀረውን የሚጥል ቤትና ምልክት ያለበትን ቁራጭ ለታችኛው ወገን ወይም ለውስጥ ኪስ የሚያውል ቤት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ነጥብ ያለበት ቦርሳ የቀረበለት ገዢ ፊቱን ከማጥቆሩ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ ጨው ይነሰነስበታል። ከፋብሪካው ሲደርስ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩ እንዲወልቅ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይነከራል፤ ሥጋው ተልጦ ይወጣል፤ በአሲድና በጨው ይታሻል፤ ከዚያም በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ በክሮም ጨው ይለፋል። ከበርሜሉ ሲወጣ ሰማያዊ መልክ የሚይዘው በዚሁ በክሮም ምክንያት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ክሮሙ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ቆዳው እንዳይበሰብስና ሙቀት እንዲችል ያደርገዋል። ሥራው በጥቂት ቀናት ስለሚያልቅና ቆዳው ለስላሳ ስለሚሆን በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ 80 በመቶ ያህሉ በክሮም የሚለፋ እንደ ሆነ ይገመታል።

ችግሩ ቆዳው የቀረበለትን ክሮም ሁሉ የማይወስድ መሆኑ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከ100 እጅ ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት በዚሁ በተለመደው መንገድ ከ30 ሜትር ኩብ የማያንስ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ ከአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ የሚገኘው የተጠናቀቀ ቆዳ ደግሞ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ቢሆን ነው። ሌላው ጠጉር፣ ሥጋ፣ ስብ፣ ቅርፍትና ብናኝ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በትከሻ ላይ የምትንጠለጠለዋ ቀላል ቦርሳ ከበስተ ኋላዋ ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ቆሻሻ ትታ የመጣች መሆንዋን መርሳት አይገባም።

ይህ ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል? በአገራችን የቆዳ ፋብሪካዎች ከበዙባቸው ስፍራዎች ዋነኞቹ በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ ዳርቻና የሞጆ ከተማ ናቸው። የአቃቂም የሞጆም ወንዝ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ፣ ሁላችንም በጂኦግራፊ ትምህርት እንደ ተማርነው፣ ወደ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከቆቃ ሐይቅ አልፎ፣ በአፋር ምድር ተጉዞ፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የሌላው አገር ወንዝ ቆሻሻውን ለውቅያኖስ አስረክቦ ይገላገል ይሆናል፤ የእኛ ግን ማንም አይረከበውም። ወደ አዋሽ የገባ ክሮም በአፈሩ፣ በሐይቁ ጭቃና በመስኖ በሚጠጣው አትክልት ውስጥ ይቀመጣል። በአቃቂ ውሃ በሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ላይ በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች ክሮምና ሌሎች ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ገልጸዋል። ይህን አትክልት ገዝቶ የሚበላው የከተማችን ሰው ነው፤ የእኛም የምግብ አዳራሽ ከዚህ የራቀ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ያለ አይመስለንም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። የማጣሪያ ገንዳ ያላቸው ፋብሪካዎችም አሉ። ነገር ግን ማጣሪያ መኖሩና ማጣሪያው መሥራቱ ሁለት ነገር ነው። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፣ የሚጠራቀመውም ዝቃጭ የሚጣልበት ስፍራ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነውና፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት ገንዳውን ማለፍ ለማንም ፈተና ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ቤቶች «እኛ በክሮም ሳይሆን በተክል የለፋ ቆዳ ነው የምንጠቀመው» ይላሉ። ታኒን ካለባቸው እንደ ሚሞዛ ካሉ ዛፎች ቅርፊት በሚወጣ ነገር ማልፋት ጥንታዊና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከባድ ብረትም የለበትም። ቢሆንም «ከተክል» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያሳርፈን አይገባም። ጨዉ፣ ኖራውና ሰልፋይዱ በዚህም መንገድ አይቀሩም። ከበርሜሉ የሚወጣው ጥቁር ውሃም ያለ ማጣሪያ ወንዝ ውስጥ ከገባ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ያሟጥጣል። በአንጻሩ ክሮሙን መልሶ የሚሰበስብና ውሃውን በሚገባ የሚያጣራ የክሮም ፋብሪካ፣ ማጣሪያ ከሌለው የተክል ፋብሪካ ሊሻል ይችላል። ስለ ገዢው ጤና ለሚጨነቅ ደግሞ ይህን እንጨምር። በቆዳ ውስጥ ያለው ክሮም በባሕርዩ ብዙ ጉዳት የሌለው ባለ ሦስቱ ዓይነት ነው፤ በመጥፎ አሠራር ግን ወደ ባለ ስድስቱ፣ ማለት ቆዳን ወደሚያሳክከውና አደገኛ ወደ ሆነው ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2015 ጀምሮ ሰውነት ከሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ እንዳይገኝበት ከልክሏል። ወደዚያ የሚልክ ቤት የምርመራውን ወረቀት ሊያሳይ ይችላል፤ መጠየቅም ነውር የለበትም።

እንግዲህ ለቦርሳው ቤት የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ቆዳችሁ የተፈጥሮ ነው ወይ?» የሚል መሆን የለበትም፤ ቆዳ ሁሉ የተፈጥሮ ነው። ጥያቄው «የየትኛው ፋብሪካ ቆዳ ነው?» የሚል ነው። የፋብሪካው ስም ከታወቀ ሌላው ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። ማጣሪያ አለው ወይ፣ የውጭ መርማሪ አይቶታል ወይ፣ በታች ያለው ሰፈር ስለ እርሱ ምን ይላል። የፋብሪካው ስም ካልታወቀ ግን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ቃል ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ለትንሹ ቤት ግን መፍረድ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ብዙዎቹ ከፋብሪካ በቀጥታ የመግዛት ዐቅም የላቸውም። ፋብሪካው ቆዳውን በብዛት ለሚወስደው ለውጭ ገዢ ያቀርባል፤ ትንሹ ቤት የሚያገኘው ከዚያ የተረፈውን፣ ብዙ ጊዜም በመርካቶ ነጋዴ እጅ የተደባለቀውን ነው። የተረፈ ቆዳ መጠቀም በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ ምንጩን ለማወቅ ግን ያስቸግራል። የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች እንደሚሉት ገዢው ብቻውን ሲሆን ዋጋም አይቀንስለትም፣ ጥያቄውም አይሰማለትም። አምስትና ስድስት ቤቶች ተባብረው ከአንድ ፋብሪካ ቢገዙ ግን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢያንስ ሊያነጋግራቸው ይገደዳል። ይህን የሞከረ ወይም ለመሞከር ያሰበ ቤት፣ ባይሳካለት እንኳ፣ በእኛ ሚዛን ከፍ ይላል።

ከቆዳ ፈጽሞ እንራቅ የሚሉም አሉ። በገበያው «ሰው ሠራሽ ቆዳ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፖሊዩሬቴን ወይም ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ በሌላ አነጋገር ፕላስቲክ ነው። እንስሳ አይታረድበትም፤ ነገር ግን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ፣ ሲላጥ የማይጠገን፣ ሲጣል የማይበሰብስ ነው። ከእንጉዳይ ሥር ቆዳ መሰል ነገር ለማውጣት የተደከመበትና ማይሎ የተባለው ምርት እንኳ ታላላቅ የልብስ ድርጅቶች ገንዘብ አውጥተውበት ሳለ እ.ኤ.አ. በ2023 ማምረቱ ቆሟል። አንድ ቀን የተሻለ ነገር ይገኝ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን «ከእንስሳ ነጻ» ማለትና «ከጉዳት ነጻ» ማለት እንዳይምታታብን።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንለፍ። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ፣ ከጋብቻም ከማዕድም ሲለይ እንደ ኖረ የማያውቅ የለም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ዛሬ በዚያው ሙያ የተሠራ ቦርሳ በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ የአገር መኩሪያ ሆኖ ሲሰቀል ደስ ይለናል። ደስታው ሙሉ የሚሆነው ግን ኩራቱ ወደ ሠራተኛው ኪስም ሲደርስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከልክሏል፤ ለወላድ 120 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። በቀን ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል አዝዟል። ዝቅተኛ ደመወዝን በሚመለከት ግን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተናገረ እንጂ በዐዋጁ ውስጥ ይህን ያህል ብር የሚል ወለል አልተጻፈም። ስለዚህ አንድ የቦርሳ ቤት «በሕጉ መሠረት እንከፍላለን» ቢል ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስለ ደመወዙ መጠን የነገረን ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት አማካዩ ደመወዝ አይደለም። የዲዛይነሯና የሒሳብ ሹሙ ደመወዝ አማካዩን ከፍ ያደርገዋልና። ሊጠየቅ የሚገባው ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው ሰው፣ ማለት ክር የምትቆርጠው፣ ማስቲሽ የምትቀባው ልጅ በወር ስንት ታገኛለች የሚለው ነው። ከዚያም ቁጥሩን በዚያ ሰፈር ካለው የአንድ ክፍል ኪራይ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ሲሶና ከታክሲ ሒሳብ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ቁጥሩን ገልጦ መናገር የማይቻል ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የተቋቋመው ኤብል የተባለ ድርጅት፣ ሥራውን የጀመረው ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሚሠሩት የአንገት ልብስ ነበር። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሠራተኞቹ የሚከፍለውን ዝቅተኛ ደመወዝ በይፋ ማውጣት ጀመረ፤ ሌሎችም እንዲያወጡ ጠየቀ። ቁጥሩ ይበቃል አይበቃም ብሎ መከራከር የሚቻለው ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ነው።

ትንንሽ ቤቶችን በሚመለከት ይልቁንም የሚያሳስበን «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለው አነጋገር ነው። ቤተሰብነት የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውል የማይጻፍበት፣ የጡረታ መዋጮ የማይከፈልበት፣ ለገና የታዘዘው ቦርሳ ሲበዛ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ሌሊት የሚሠራበት ምክንያት ይሆናል። እኅት እኅቷን የትርፍ ሰዓት አትጠይቅምና። በዚህ ረገድ አንድ ቀላልና የማያሳስት መመርመሪያ አለ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ራሱ 7 በመቶ ለጡረታ እንዲያዋጡ ሕግ ያዛል። ይህን በየወሩ የሚከፍል ቤት ሠራተኞቹን በመዝገብ ያወቃቸው ነው፤ የማይከፍል ግን በቃል ብቻ ያወቃቸው ነው። እንዲሁም ቤታቸው ተቀምጠው በቦርሳ ቁጥር እየተከፈላቸው የሚሰፉ ሴቶች እንዳሉ መጠየቅ ይገባል። ይህን ዓይነት የቤት ሥራ ውል ዐዋጁም ያውቀዋል፤ በጎጆዋ ልጇን እየጠበቀች መሥራት የምትመርጥ እናትም ትኖራለች። ጥያቄው ለአንዱ ቦርሳ የሚሰጣት ገንዘብ ቦርሳው በሚፈጅባት ሰዓት ሲካፈል ስንት ይደርሳል የሚለው ነው። የማስቲሹም ሽታ መረሳት የለበትም። ክፍሉ መስኮት ከሌለው፣ ቀኑን ሙሉ እርሱን ሲተነፍስ የሚውል ሰው ራስ ምታቱን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል።

የትልቅ ስም ዋስትና እንደማይሆን በሚላኖ የታየው ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የከተማው ፍርድ ቤት የዲዮርን አንድ የምርት ኩባንያ ለአንድ ዓመት በአስተዳዳሪ ሥር እንዲሆን አዘዘ። ምክንያቱም ሥራውን በውል የወሰዱ ንዑሳን ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን በሚበዘብዙበት ጊዜ ኩባንያው አልተቆጣጠረም የሚል ነበር፤ ትእዛዙ ጊዜው ሳይደርስ በ2025 ተነሥቷል። በፍርድ ቤቱ ሰነድ እንደ ተገለጸው በሱቅ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ ቦርሳ፣ የቆዳው ዋጋ ሳይጨመር፣ ለሠሪው የሚከፈለው 53 ዩሮ ነበር። ታዲያ ትንሹ ቤት ከዚህ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። ሥራው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ ገብቶ ማየት ይቻላል። እኛም ትንሽነትን የምናመሰግነው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው፤ በሩ ከተከፈተ።

ስለ በጎ አድራጎትም ጥቂት እንበል። «ከሽያጫችን ለችግረኞች እንሰጣለን» የሚል ቤት ስንት እጅ፣ ከምኑ ላይ፣ ለማን እንደሚሰጥ መናገር አለበት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ኤልቪስ ኤንድ ክሬስ የተባለ ቤት የለንደን እሳት አደጋ ሠራተኞች አርጅቶ የሚጥሉትን የውሃ ጎማ እየቆረጠ ቦርሳና ቀበቶ ሲሠራ፣ ከዚሁ ከጎማው ሥራ ከሚገኘው ትርፍ እኩሌታውን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መርጃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ምንጩም፣ መጠኑም፣ ተቀባዩም ታውቋል፤ የተጠራጠረ ሰው ተቀባዩን ሊጠይቅ ይችላል። ቢሆንም ትርፍ ማለት ወጪው ሁሉ፣ የባለቤቱም ደመወዝ ጭምር፣ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀር ነውና «ከትርፍ» እና «ከሽያጭ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። የሠራተኞቹን የድህነት ታሪክ ከነፎቶግራፋቸው በካርቶን ላይ አትሞ ቦርሳ መሸጥን ግን፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆም ቢሆን፣ አንወደውም። ሰፊዋ የምትሸጠው ስፌቷን ነው።

የምስክር ወረቀትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የቆዳ ፋብሪካዎችን እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል፤ ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚመረምረው ቆዳው የሚለፋበትን ስፍራ እንጂ ቦርሳው የሚሰፋበትን ክፍል አይደለም። የወረቀቱ ዋጋም ለትንሽ ቤት ከባድ ስለ ሆነ፣ ወረቀት የሌለው ቤት ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለት ግፍ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ያለ ማስረጃ «ለአካባቢ ተስማሚ» እያሉ መሸጥ እንዲከለከል ወስኗል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚልኩት ቤቶቻችን የካርቶናቸውን ቃል ዛሬውኑ ቢያስተካክሉ ለራሳቸው ይበጃቸዋል።

የመጨረሻው ምርመራ ግን ማንንም ሳይጠይቁ በእጅ የሚደረግ ነው። አንድ ቦርሳ ሁለት ዓመትና አሥር ዓመት ቢያገለግል፣ ወንዙ ላይ ያደረሰው ጉዳት ለሁለት ወይም ለአሥር ተካፈለ ማለት ነው። ማንጠልጠያው ከአካሉ ጋር የተያያዘበትን ስፍራ ሳቡት፤ በድርብ ስፌት ነው ወይስ በማስቲሽ ብቻ? ገበሩን ገልብጣችሁ የክሩን ጫፍ እዩ። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ ከሁሉ በፊት የሚሞተው ዚፑ ነውና። ከዚያም ባለቤቷን «ሲበላሽ ትጠግኑታላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን ዳዊት የሚያኖሩበት የቆዳ ማኅደር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው፣ ስልቻውም እየተጠቀመ የሚከርመው፣ ሲቀደድ የሚሰፋው ሰው በሰፈሩ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በየመንገዱ ጥግ የተቀመጠው ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የማይችል ቦርሳ፣ ቆዳው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዘላቂ ሊባል አይገባውም።

ይህን ሁሉ በነጥብ ደምሮ «75 ከ100» ማለት ይቻል ነበር። እኛ ግን አልመረጥነውም። በስፌቱ 20 ነጥብ አግኝቶ በወንዙ ላይ ያጣውን የሚያካክስ ቤት እንዳይኖር እንፈልጋለንና። የፋብሪካውን ስምና ዝቅተኛውን ደመወዝ ያልተናገረ ቤት በሌላው ሁሉ ቢያምርም ገና አልተመዘነም። «ቆዳውን የምንገዛው ከመርካቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም» ብሎ በግልጽ የሚመልስ ቤት ግን ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ከሚለው ቤት ይሻላል፤ ከእርሱ ጋር ቀጥሎ ምን ይደረግ ብሎ መነጋገር ይቻላል።

በግቢያችን በምረቃ ሰሞን ባዛር ሲደረግ ቦርሳ ሻጮች ጠረጴዛ ይዘው ሲሸጡ እናያለን። የተማሪዎች ማኅበር ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ አራት መስመር ብቻ ቢያስሞላ እንላለን፦ የቆዳው ፋብሪካ ስም፣ በወር ዝቅተኛው ደመወዝ፣ ጡረታ የሚከፈልላቸው ሠራተኞች ቁጥር፣ የጥገና ዋጋ። ቅጹ በጠረጴዛው ፊት ይለጠፍ። ያልሞላ ሻጭ አይከልከል፤ ባዶ የተወው መስመር ግን ባዶ ሆኖ ይታይ። ይህን ቅጽ ለማዘጋጀት የሚፈልጉ የሕግ፣ የኬሚስትሪና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ስማቸውን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ቢያስመዘግቡ፣ ከሚቀጥለው ባዛር በፊት ተሰብስበን ልንነጋገርበት ዝግጁ ነን።